ከአራተኛ ፎቅ የወረደው ሥዕል

አየር ጤና ሥዕል እሸጣለሁ ስል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ጥያቄ «ጉርድ ፎቶስ ታነሺያለሽ?» የሚል ነው። መጀመሪያ ሰሞን እናደድ ነበር። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል «የዘመናዊ ሥዕል ጋለሪ» ተብሎ ተጽፎ እያለ፣ አንዱ ሰተት ብሎ ይገባና ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኝቶ፣ ፀጉሩን በመዳፉ አስተካክሎ «የት ጋ ልቀመጥ?» ይለኛል። አሁን ለምጄዋለሁ። «ፎቶ ቤቱ ከፋርማሲው ቀጥሎ ነው፤ ግን ከገቡ አይቀር ዞር ዞር ብለው ይዩ» እላለሁ። አንዳንዱ እውነትም ያያል። አንዳንዱ «ይሄንማ ልጄም ይሠራዋል» ብሎ ይወጣል። ለእሱ የምመልሰው አለኝ፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አይደለም።

ቤቱ የአባቴ ጋራዥ ነበር። እሱ ሲያርፍ ወንድሞቼ ለሱፐርማርኬት እናከራየው አሉ፤ እኔ በግትርነቴ የታወቅሁ ነኝና ሥዕል ካልሰቀልኩበት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ግድግዳውን ነጭ ቀባሁ፣ መብራት አስገባሁ፤ ወለሉን ግን አላሸነፍኩትም። የስንት ዘመን የመኪና ዘይት ሲሚንቶው ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። በላምባ አጠብኩት፣ በበረኪና አጠብኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ከቦሌ የሚመጡ ደንበኞቼ ጎንበስ ብለው እያዩ «ይሄም የሥራው አካል ነው?» ይሉኛል። «አዎ፣ የአባቴ ሥራ ነው» እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ።

ትልቁን የመኪና መግቢያ በርም አልቀየርኩትም። ሲከፈት ቤቱ በሙሉ ለአስፋልቱ ይጋለጣል፤ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላም ሥዕል ያያል። በዚህ ሥራ ብዙ ቆይቻለሁ፤ ብዙ ቆንጆ ነገርም በእጄ አልፏል። አፌን ከፍቼ የቀረሁት ግን አንድ ቀን ነው፤ ስለዚያ ቀን ልጽፍ ነው።

ጋሼ የምላቸው ሰው በመንግሥት ትምህርት ቤት ሥዕል ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሠዓሊ ናቸው። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ባለቤታቸውን እትዬ ነው የምላቸው። እትዬ አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው። የሰፈሩን ግማሽ ያለበሱት እሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። የኔንም የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሰፉት እሳቸው ናቸው፤ ሲለኩኝ እጄን ቶሎ ካላነሣሁ በሜትሩ ጫፍ ቸብ ያደርጉኝ ነበር።

ከዚያ እግራቸው እምቢ አላቸው። መጀመሪያ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ አቃታቸው፣ ቀጥሎ ደረጃ መውጣትና መውረድ። ሐኪም ተሞከረ፣ ጸበልም አልቀረ። ሱቁ ተዘጋ፤ እትዬም አራተኛ ፎቅ ላይ ቀሩ። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ጎረቤት በየበዓሉ «በወንበር አድርገን እናውርድዎት፣ ትንሽ ፀሐይ ይሙቁ» ሲላቸው መልሳቸው አንድ ነው።

«በዚህ ደረጃ በሰው ትከሻ የሚወርደው ሬሳ ነው። የኔም ተራ ይደርሳል፤ አትቸኩሉ።»

ይህን ሲሉ ይስቃሉ፤ ሰሚው ግን አይስቅም። ሰውም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተወው።

እትዬ ብጣሽ ጨርቅ ጥለው አያውቁም። ቀሚስ ሲቆረጥ ከአንገት የሚወጣውን፣ ከብብት የሚወጣውን፣ ከትከሻ የሚተርፈውን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ሱቁ ተዘግቶ ያ ሁሉ ከረጢት ወደዚያች ጠባብ ቤት ሲገባ መተላለፊያ ጠፋ። ጋሼ መላ አመጡ። አንድ ኮምፔርሳቶ ጣውላ ገዝተው ከአልጋው ትይዩ ካለው ግድግዳ ጋር አቆሙና ብጣሹን በኮላ እየለጠፉ፣ በላዩ ቀለም እየቀቡ፣ ቀለሙን መልሰው እየፋቁ መሥራት ጀመሩ። እትዬ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዛሉ። «ያ አረንጓዴው እዚያ አይሆንም፤ ወደ ግራጫው አስጠጋው።» ጋሼ ያስጠጋሉ። ሰሌዳው ሲሞላ ሌላ ተገዛ፣ ከጎኑ ተገጠመ፣ መጋጠሚያው በጨርቅ ተሸፈነ። እሱም ሲሞላ ሌላ ተጨመረ። ከረጢቶቹ እስኪያልቁ እንዲሁ ቀጠሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን ነው። አልጋው በአንድ በኩል፣ ሥዕሉ በሌላ በኩል፣ በመሃል ለአንዲት በርጩማ ብቻ የምትሆን ክፍተት። ማየት ሳይሆን አፍንጫዬን መለጠፍ ነው የቻልኩት። ቀይ፣ የተፋቀ ሰማያዊ፣ እንደ አንገት የጎበጠ ብጣሽ፣ የክር ጫፍ። አንገቴን ወደ ግራ ባዞር አያልቅ፣ ወደ ቀኝ ባዞር አያልቅ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ይሄን ለሰው ካላሳየሁ ጋለሪ ብዬ በር መክፈቴ ለምኔ ነው አልኩ።

ጋሼ ወዲያው እሺ አላሉም። ደረጃው ድረስ ሸኝተውኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ስምም ጭብጨባም አልፈልግም፣ ልጄ። እሷ ግን እግሬ ሲሞት እጄም አብሮ ሞተ ብላ ደምድማለች። የምትለጥፈው አንተ ነህ፣ እኔማ ተኝቼ እለፈልፋለሁ ትለኛለች። ሰው ቆሞ ሲያየው ብትሰማ እጇ እንዳልሞተ ታምን ይሆናል። ለዚያ ከሆነ ውሰጂው። ሙሉውን ግን ነው፤ አንዲት ብጣሽ ሳትጎድል።»

«አንዲት ብጣሽ አትጎድልም» ብዬ ቃል ገባሁ። በሩን አንዳችንም አላየነውም።

መክፈቻው ቅዳሜ ተባለ። ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪናና ሁለት ጫኞች ይዤ ዓለም ባንክ ደረስኩ። አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ቤቱ ስገባ ጋሼ መጋዝ ይዘው ቆመዋል። ሥዕሉ መሃል ላይ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በእትዬ የልብስ ጠመኔ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። እትዬ ፊታቸውን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዙረዋል።

«ጋሼ! ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ልቆርጠው ነዋ። በበሩ ቢወጣ ደረጃው ላይ አይዞርም። ከትናንት ጀምሮ ስለካ ቆይቻለሁ።»

እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ሰሌዳ ለብቻው በደረጃው ወጥቷል። ተጋጥመው አንድ ከሆኑ በኋላ ግን ሥዕሉ ከበሩም ከደረጃውም በልጧል። ዕድሜ ልካቸውን ለተማሪ «መጀመሪያ ለኩ» ሲሉ የኖሩ ሰው መውጫውን ረስተዋል። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

«አንዲት ብጣሽ ሳትጎድል ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ? ያምጡት መጋዙን!» ብዬ ከእጃቸው ነጠቅሁ። በትልቅ ሰው ላይ እየጮኽኩ መሆኔን ያወቅሁት ጎረቤት ሁሉ በሩን መክፈት ሲጀምር ነው።

እትዬ ሳይዞሩ ተናገሩ። «ተዪው ልጄ። ጨርቅ ሲፈጥረው ለመቆረጥ ነው። ይቁረጠው።»

ድምፃቸው ሁሉም ነገር የሰለቸው ሰው ድምፅ ነበር። ከመጋዙ ይልቅ ያ አስፈራኝ።

ከጎረቤት ቀድሞ የደረሰው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ውሃ ሲጠፋም ሌባ ሲገባም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤ ሲደርስም ዋና ሥራው መቆጣት ነው። ሥዕሉን አየ፣ በሩን አየ፣ እኔንና መጋዙን አየ።

«ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት? ሶፋ በምን ይገባል? በበረንዳ አይደለም? ቡፌ በምን ይገባል? በበረንዳ! ይሄም በገባበት ይወጣል።» ቆም አለ። «ማለቴ ባልገባበት ይወጣል።»

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ደረጃው ለሰው እንጂ ለዕቃ አልተሠራም። ትልቅ ዕቃ የገዛ ሁሉ ከበረንዳው ገመድ ይጥላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አንዱ «ወደ ግራ!» ሌላው «ወደ ቀኝ!» ይላል፣ ዕቃው እንደምንም ይገባል። ችግሩ ገመዱ ነበር። ለሶፋ የሚሆነው ገመድ ለዚህ ክብደት አይታመንም፤ ጨርቁ፣ ኮላው፣ ቀለሙ፣ ከጀርባ የተመታው የሞራሌ እንጨት ሲደመር የዋዛ አልነበረም። በብሎኩ ውስጥ የሚታመን ገመድ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የዕድሩ ዕቃ ቤት። ትልቁን የለቅሶ ድንኳን የሚወጥረው ገመድ።

የዕድሩ ዳኛ መሬት ላይ ባለው ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሰብሳቢው ወርዶ ቢለምናቸው እምቢ አሉ። እኔም ወረድኩ።

«ልጄ፣ ያ ገመድ ከዕቃ ቤት የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው» አሉኝ። «ለሠርግ እንኳ አውሰን አናውቅም፤ ለሠርግ ሰው ከውጭ ይከራያል። ያለ ለቅሶ የወጣ ገመድ ለቅሶ ይጠራል ይባላል። እኔ በሰው ነፍስ አልጫወትም።»

በተከራከርኳቸው ቁጥር ይበልጥ ደረቁ። በመጨረሻ «እንዲያውም ለእሷ ራሴ እነግራታለሁ፤ ከሌላ አፍ ብትሰማ ቅር ይላታል» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። በየወለሉ እያረፉ አራት ፎቅ ወጡ። እኛም ከኋላቸው ተከተልን።

እትዬ አሁን ወደ እኛ ዞረዋል። ዳኛው አልጋው ግርጌ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁና የዕድሩን ደንብ ከሥሩ ጀምረው አስረዷቸው። እትዬ እስኪጨርሱ ጠበቁ።

«ጋሽ ዳኛ፣ እኔ የዚህ ዕድር አባል ነኝ?»

«ይሄ ምን ጥያቄ አለው! ከመሥራቾቹ ነሽ።»

«ስሞት ድንኳን ይጣልልኛል?»

«እግዜር ያርቀው እንጂ፣ እህቴ... አዎ። ይጣልልሻል።»

«እንግዲያው ያ ድንኳን የኔም ነው» አሉ እትዬ። «ስሞት ከምትጥሉልኝ ድንኳን ገመዱን ብቻ ዛሬ በቁሜ አውሱኝ። ለቅሶ ከጠራም እኔን ይጥራ። እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ በረንዳው አዞሩ። ዳኛው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩና ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ቁልፉን አውጥተው ለሰብሳቢው ሰጡት። «ጭቃ እንዳታስነኩት» ብቻ አሉ።

የበረንዳውን በርና መስኮት የያዘው የብረት ፍሬም ተነቀለ። አልጋው ወደ ጥግ ተገፋ። እትዬ «እኔም ልይ እንጂ» ብለው፣ ወንበር ላይ ተደርገው በረንዳው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ገመዱ በሥዕሉ ሁለት ጫፍ ታሰረ። ጋሼ፣ ሰብሳቢው፣ ጫኞቹና የጎረቤት ወንዶች ከላይ ገመዱን ያዙ። በየወለሉ በረንዳ ላይ ሰው መጥረጊያ እንጨት ይዞ ሥዕሉን ከግድግዳው ሊያርቅ ቆመ። መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈ። ግድግዳው እንዳይፍቀው የሥዕሉ ፊት ወደ ውጭ፣ ጀርባው ወደ ሕንፃው ሆነ። እኔ ታች ወርጄ ቆምኩ፤ ለመምራት ነው ብዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ግን ከላይ ሆኜ ማየት ፈርቼ ነው።

«ልቀቅ! በቀስታ!» አለ ሰብሳቢው።

ሥዕሉ የበረንዳውን ብረት አልፎ አየር ላይ ወጣ። የጠዋት ፀሐይ ያንን የሕንፃ ፊት በቀጥታ ታገኘዋለች። መጀመሪያ ያየሁት ቀለም ብቻ ነው። ትንሽ ወረደ፣ ቆመ፣ ነፋስ ትንሽ ወዝወዝ አደረገው። ከዚያ ሰዎቹን አየሁ።

እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ስትቆርጥ የሰውየውን ገላ የሚሸፍነው ወደ ልብሱ ይሄዳል። የሚተርፈው በአንገቱ ዙሪያ፣ በብብቱ ሥር፣ በትከሻው ጎን የነበረው ነው። ብጣሽ ማለት ሰው የወጣበት ጨርቅ ነው። ጋሼና እትዬ ያንን ሁሉ ጎን ለጎን ሲለጥፉ፣ በብጣሾቹ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ የሰውን ቅርጽ ይዞ ቀርቷል። ከቅርብ ጨርቅ ነው። ከሩቅ ግን ሰው ነው፤ አንገት፣ ትከሻ፣ የተነሣ ክንድ፣ ከትከሻው ኋላ ሌላ ትከሻ፣ እንደ ጥምቀት ሕዝብ ጢም ብሎ የቆመ ሰው። ማንም አልሣላቸውም። ማንም አላሰባቸውም። ከረጢት ውስጥ ሳሉም እዚያው ነበሩ።

አጠገቤ የቆመች ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ «በስመ አብ!» አለች። ከማዶው ብሎክ በረንዳ ላይ ሌላዋ «ጌታ ሆይ! ሰው ነው! ሰው ነው እኮ!» ብላ ጮኸች። ልብስ የምታሰጣ፣ ዳቦ የያዘ፣ ታክሲ ሊይዝ የሚሮጥ ሁሉ ባለበት ቆመ። እኔ ሰው ሥዕል ፊት እንዲቆም ስለምን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሻይ አቅርቤ፣ ከሶፋዎ ጋር ይሄዳል ብዬ፣ ያልሆነውን ሁሉ ሆኜ። እዚያ ግን ማንም ሳይጠራው ሰፈሩ በሙሉ አንጋጦ ቀረ። እንባዬ መጣ፤ ላብስም አልሞከርኩም። የኖርኩበት ሥራ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገና የገባኝ መሰለኝ።

ሥዕሉ ወደ መሬት ሲቀርብ ሰዎቹ ጠፉና ጨርቁ ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ ከበቡት።

«ያቺ ቢጫዋን አያችሁ? የቅልቅሌ ቀሚስ ናት!»

«ይሄ የልጆቼ ዩኒፎርም ነው፣ ሦስቱም በየተራ የለበሱት።»

«ኧረ ይሄ የእማማ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። አትንኩት፣ አትንኩት።»

እኔም ታችኛው ጥግ ላይ የራሴን ዩኒፎርም ቡናማ ጨርቅ አገኘሁ፤ የጨረቃ ግማሽ የምታህል ጉብጥ ያለች ብጣሽ። እጄን ሳነሣ ከብብቴ ሥር የተቆረጠችው መሆን አለባት። በጣቴ ነካ አደረግኋት።

ከላይ የእትዬ ድምፅ መጣ። «ምንድን ነው ያያችሁት?»

ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ መለሰ፤ አንዱም አልተሰማም። «ምንድን ነው?» አሉ ደግመው። ቀና ብዬ አየሁ። የበረንዳውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው ተንጠራርተዋል። ከዚያ ሆነው የሚያዩት የሥዕሉን ጀርባ፣ ሞራሌውንና የዕድሩን ገመድ ብቻ ነው።

ሮጬ ወጣሁ። ጋሼ ገመዱ ያቀላውን መዳፋቸውን ያሻሻሉ። እትዬ ገና ሳልገባ ያዙኝ።

«ሰው ነው ይላሉ። የምን ሰው? እኛ ሰው አልሠራንም እኮ!»

«እትዬ፣ በአፍ አይነገርም። ማየት ነው።»

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ምላሴን ነከስኩ። እትዬ ወደ ጋሼ ዞሩ።

«አንተስ አየኸው?»

«እኔ ገመድ ይዤ የት ልይ?» አሉ ጋሼ። «ደግሞም አንቺ ሳታዪ አላይም። አብረን የሠራነውን ብቻዬን አላይም።»

እትዬ ረዘም ላለ ጊዜ ወደ ታች ተመለከቱ። ሥዕሉ ፍራሹ ላይ አርፏል፣ ወንዶቹ ብርድ ልብስ እያለበሱት ነው። ሰብሳቢው ወርዶ ገመዱን ይፈታል። ዳኛው አጠገቡ ከዘራቸውን ተደግፈው ጭቃ እንዳይነካው ይጠብቃሉ።

«ገመዱ ገና ዕቃ ቤት አልተመለሰም፣ አይደል?» አሉ እትዬ።

«ገና ነው።»

«በሉ እንግዲያው ወንበሬን እሰሩበት።»

ጋሼ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸው። ያን ሁሉ ጠዋት ጣውላ እንዴት ይወርዳል ብለን ስንጨነቅ፣ እትዬም ይወርዱ ይሆን ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። አይወርዱም ብለን ለምደነው ነበር።

ሁለት የድንኳን ቋሚ መጣ። የእትዬ ወንበር በመሃል ሆኖ በገመዱ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ፤ አራት ወንዶች በትከሻቸው ያዙት። ጋሼ ከፊት እየሄዱ በየደረጃው «እዚህ ጋ ደረጃዋ ተሰብራለች፣ እዚህ ጋ ተጠንቀቁ» ይላሉ። እትዬ በመጀመሪያው መታጠፊያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በሁለተኛው ገለጡት። ከታች ያሉት ሴቶች እልልታ ሲያነሡ ተቆጡ፤

«ዝም በሉ! ሬሳም አይደለሁ፣ ሙሽራም አይደለሁ!»

ሴቶቹ ግን አላቆሙም። በሩን ከፍቶ ያልቆመ ጎረቤት አልነበረም። ውጭ ሲደርሱ እትዬ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አቅንተው ትንሽ ቆዩ፤ ማንም አላጣደፋቸውም።

ሥዕሉ በጭነት መኪናው፣ እትዬ በጎረቤት መኪና ጋቢና፣ ዳኛው ከገመዳቸው ላለመለየት ከጫኞቹ፣ ከሰብሳቢውና ወንበሩን ከተሸከሙት ወንዶች ጋር ሆነው አየር ጤና ደረስን። ትልቁን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሥዕሉ እንደ ድሮ መኪና ምንም ሳይነካው ገባና ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ያ ሁሉ ሲሆን ጋሼ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። የእትዬን ወንበር መሃል ወለሉ ላይ፣ የአባቴ ዘይት ላይ አሳረፍነው።

እትዬ አዩ። አሁንም አዩ። ፊታቸው ጨለም አለ።

«ጨርቅ ነው» አሉ። «ምን አለበት? ያው ጨርቄ ነው።»

ከዚያ ነቃሁ፤ ቤቱ አይበቃም! ጋራዥም ቢሆን ለዚህ ሥዕል ጠባብ ነው። «አንሡዋቸው! ወደ ኋላ!» አልኩ። ወንዶቹ አነሡ። ወደ ኋላ፣ እስከ በሩ። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ኋላ፣ እስከ እግረኛው መንገድ። «ትንሽ ይታየኛል መሰለኝ» አሉ። «በሉ ወደ ኋላ!» ሰብሳቢው እጁን እንደ ትራፊክ ዘርግቶ አስፋልቱ መሃል ገባ። ታክሲዎች ጡሩምባ ለቀቁ። አንዱ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ መንገዱን...» ብሎ ጀመረና፣ እትዬ ወደሚያዩበት ዞሮ ሲያይ ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። ሾፌሩም ሞተሩን አጠፋ። አስፋልቱን ተሻግረን ማዶ ቆምን። ጋሼ ዓይናቸውን መሬት መሬቱን አድርገው ከወንበሩ ጎን መጥተዋል።

«አሁን እይ» አሏቸው እትዬ። ጋሼ ቀና አሉ።

እኔ የማየው ሥዕሉን አልነበረም፤ እነሱን ነበር። እትዬ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ ድሮ ሱቅ ውስጥ ሲለኩኝ እንደሚያደርጉት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸውና በጠቋሚ ጣታቸው መካከል ለኩ።

«ያቺ» አሉ። «አንድ ትከሻዋ ዝቅ ያለው። ሁለት ጊዜ ፈትቼ የሰፋሁላት ናት። ሞተች እኮ! ያ ደግሞ ቁመቱ... አየኸው? ደረቱን ነፍቶ የሚለካው። ሁሉም አሉ። ሁሉም ቆመዋል።»

ጋሼ እጃቸውን በእትዬ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። እትዬ የዘረጉትን እጅ መለስ አድርገው ጭናቸው ላይ አኖሩት፣ ገልብጠውም አዩት።

«እጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የለጠፍከውስ አንተ ነህ። የቆረጠቻቸው ግን ይቺ እጄ ናት።»

«አንተ ነህ» ነው ሲሉ የኖሩት፤ «እኔ ነኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከኋላችን የቆመው የታክሲ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ያያል። ማንም «ይሄንማ ልጄም ይሠራዋል» አላለም።

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰዓቱን ጠብቀው ነው፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።

«እህቴ፣ እንግዲህ ወደ ቤት ካወጣንሽ በኋላ... ገመዱን ዕቃ ቤት እናስገባው?»

እትዬ ዓይናቸውን ከሥዕሉ ሳያነሡ መለሱላቸው።

«ቅዳሜ ለመክፈቻው እፈልገዋለሁ፣ ጋሽ ዳኛ። ከዚያ በኋላ አስቀምጡልኝ። እኔ አልቸኩልም።»